መጠኑን ልጨምር ወይስ ልተው? (የ14 ወር ሕፃን፣ ጨው የሚያስወጣ ሲ.ኤ.ኤች፣ ማለትም አብሮ የሚወለድ የአድሬናል ዕጢ በሽታ)

ሰላም፣ የሕፃናት ሆርሞን ሕክምና ላይ ያላችሁ ባልደረቦች እባካችሁ አማክሩኝ።

ለዚህ በሽታ የዳረጋት የ21-ሃይድሮክሲሌዝ (ኮርቲሶል ለመሥራት የሚያስፈልግ ኢንዛይም) እጥረት ያለባት ሕፃን እከታተላለሁ። ሃይድሮኮርቲሶን (ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት) ለሦስት ተከፍሎ በቀን ወደ 14 ሚ.ግ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት፣ ፍሉድሮኮርቲሶን (ሰውነት ጨው እንዲይዝ የሚረዳ) ደግሞ በቀን 0.1 ሚ.ግ ትወስዳለች። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የደም ግፊት ደህና ናቸው።

ያስጨነቀኝ 17-ኦኤችፒው (ኢንዛይሙ ሲጎድል በደም ውስጥ የሚከማች ሆርሞን) ነው፤ አሁንም ከፍ ያለ ነው። መጠን እንዳልጨምር የቁመቷ ግራፍ ወደ ታች ማጠፍ ጀምሯል፣ ፊቷም ሞላ ሞላ ብሏል። ውጤቱን ፍጹም መደበኛ ለማድረግ መሮጥ ልጅን እንደሚያቀጭጭ አውቃለሁ፤ ቁጥሩን ሳይ ግን እጄ ይበላኛል። በዚያ ላይ ደሟ አንዴ ከጠዋቱ መድኃኒት በፊት፣ አንዴ ከወሰደች በኋላ ስለተቀዳ ውጤቶቹን ማወዳደር አልተቻለም።

እናቷ የ10 ሚ.ግ ክኒኑን በቢላ ነው የምትቆራርጠው። ቁርጥራጮቹን አሳይታኝ ነበር፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ያህላል!

ጥያቄዬ፦ መጠኑን ሳልነካ መጀመሪያ አቆራረጡን አስተካክዬ፣ ደሙን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እያስቀዳሁ፣ የአንድሮስቴንዲዮን (ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣ የወንዴ ሆርሞን) ምርመራ ብጨምርበት ይሻላል? ክኒኑን ፈጭቶ በትክክል መዝኖ ማከፋፈል የለመዳችሁስ እንዴት ነው የምታደርጉት? የሬኒን (የጨው መተኪያው መጠን መብቃቱን የሚያሳይ) የደም ምርመራም አልተሠራላትም፤ ልዘዘው?

ትኩሳት ሲኖራት ሃይድሮኮርቲሶኑን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ እንዲሰጧት፣ ካስታወካት ደግሞ ለመርፌ ፈጥነው እንዲያመጧት ነግሬያቸዋለሁ።