የዕቅድ ውይይት፦ የስትራቪንስኪ አጫጭር ዘፈኖች፣ ለቦርዱ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳቡ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ በሩሲያ ገበሬዎች ግጥም ላይ የሠራውን ሙዚቃ እንደምናቀርብ ተስማምተናል። የትኛውን ይሁን? ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ።

ፒያኒስት፦ እኔ ስለ ሰርግ የሠራው «ለ ኖስ» ይሁን ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀምሮት ፓሪስ ላይ ለመድረክ የበቃው በ1923 ነው። መጀመሪያ ትልቅ ኦርኬስትራ አስቦለት ነበር። ደጋግሞ ቀያይሮ በመጨረሻ ለዘፋኞቹ አጃቢ አራት ፒያኖና የምት መሣሪያዎችን ብቻ አስቀረ። የሰርግ ግጥሙ ጉልበት እዚያ ላይ ነው የሚሰማው።

የኳየር አሠልጣኝ፦ ወንድሜ፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ግን አራት ሶሎ ዘፋኝ፣ ሙሉ ኳየርና አራት ፒያኖ ከየት እናምጣ? አዳራሹ ያለው አንድ ፒያኖ ነው። በ«የድመት እሹሩሩዎች» እንጀምር። አንድ አልቶ (ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ) እና ሦስት ክላሪኔት ይበቃዋል። አራቱ ዘፈኖች ተደምረው አምስት ደቂቃ ገደማ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ይግባልኝ። ስትራቪንስኪን በእነዚህ ግጥሞች የማረከው ገበሬው ሲዘፍን ቃሉን እንደ ንግግር አለመጥራቱ ነው። ስናወራ የሚጠነክረው የቃሉ ክፍል ሲዘፈን ይላላል፣ የላላው ይጠነክራል። ያው ቃል ሲደገም ደግሞ ቦታው ይቀየራል። ዘፋኞቻችን ይህን ለማቃናት እንዳይሞክሩ። የኦፔራ ማርገብገብም አይብዛ፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይውጣ። ይህን ካለዘብነው ግጥሙ የመጣበት መንደር ከሙዚቃው ይጠፋል። ስለዚህ የልምምድ ጊዜ አይቀነስብኝ።

ክላሪኔት ተጫዋች፦ ልክ ነሽ እህቴ። ክላሪኔቶቹም ዝም ብለው አጃቢ አይደሉም፤ ከዘፋኟ ሥር የየራሳቸውን መስመር ይዘው ይሄዳሉ። በ1919 ቪየና ውስጥ በሙዚቃ ደራሲው ሾንበርግ ማኅበር ሲቀርብ ደራሲው ዌበርን ሰምቶት ለሙያ ባልደረባው ለበርግ በአድናቆት ጽፎለታል። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ባስ ክላሪኔት ግን የለንም። የኪራይ ገንዘብ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ሶፕራኖ፦ ለእኛ ለሴቶቹስ? ያለ መሣሪያ የሚዘፈኑት አራቱ የሩሲያ ገበሬ ዘፈኖች ይጨመሩ። ግጥሞቹ የበዓል ሰሞን የዕጣ ጨዋታ ናቸው። የሴቶቹ ቀለበት ሳህን ውስጥ ገብቶ በጨርቅ ይሸፈናል። እየተዘፈነ አንድ አንዱ ይወጣል። ቀለበቷ የወጣላት ሴት ዕጣዋ በዚያ ሰዓት የሚዘፈነው ግጥም ነው። ይህን ለታዳሚው አስቀድመን ብንነግረው ሙዚቃው ቶሎ ይገባዋል።

ፒያኒስት፦ እሺ፣ አሳምናችሁኛል። «ለ ኖስ» ለወደፊት ይመዝገብልኝ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ እኔ እጽፋለሁ። ስትራቪንስኪ በ1914 ክረምት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ወደ ኪየቭ ሄዶ የሕዝብ ግጥም ሰብሳቢውን የኪሬየቭስኪን የሰርግ ግጥሞች ስብስብ ይዞ ስዊዘርላንድ እንደተመለሰ መነገር አለበት።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «የድመት እሹሩሩዎች» እና አራቱ የሴቶች ዘፈኖች፣ ሁለቱም በሩሲያኛ፤ የአማርኛ ትርጉሙ ለታዳሚ ይታደላል። የባስ ክላሪኔት ኪራይና የኖታ ግዢ በጀት ውስጥ ገብተዋል፤ የልምምዱ ጊዜም አልተነካም። «ፕሪባውትኪ» የተባሉትን ሌሎች አጫጭር ዘፈኖቹን ለመጨመር ግን ስምንት ተጫዋች ስለሚያስፈልግ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ የምትጫወቱ እስከ ሐሙስ ማታ መልስ ስጡኝ።