ብሩሴሎሲስ ልቡንና አንጎሉን ነክቶት የዳነ ሰው ታውቃላችሁ?

እባካችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ። ጨንቆኛል።

ወንድሜ ብሩሴሎሲስ ይዞታል። ባልተፈላ ወተት ወይም የታመመ ከብት፣ ፍየልና በግ በመንካት በሚተላለፍ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። መጀመሪያ ትኩሳቱ ይሄድና ይመለስ ነበር፤ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ወገቡንም ይቆርጠዋል። ታይፎይድ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ባከነ። የደም ካልቸሩም (ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው ምርመራ) ቶሎ አላሳየም፤ ይህ ባክቴሪያ ሲያድግ ቀስ ይላል።

አሁን ግን በልብ አልትራሳውንድ አኦርቲክ ቫልቩ (ደም ከልብ ሲወጣ የሚያልፍበት በር) ላይ የተጣበቀ ነገር ታየ። ቫልቩም ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። ልብን የሚነካው ከ100 ታማሚ ከ2 በማይበልጡት ላይ ነው፤ ሆኖም በዚህ በሽታ ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድለው ይኸው ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

በዚያ ላይ ራሱን ክፉኛ ያመዋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ በግራ ጆሮው አይሰማም። ከጀርባው ፈሳሽ ተወስዶ ሲመረመር አንጎሉም ተነክቷል ተባለ። የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለ6 ሳምንት ነው። ለእሱ ሴፍትሪያክሶን በመርፌ ተጨምሮለት ለወራት ይቀጥላል።

የተጣበቅኩት እዚህ ጋ ነው። አንዱ ሐኪም ቫልቩ አሁኑኑ በቀዶ ሕክምና ይቀየር ይላል። ሌላው መድኃኒቱ መጀመሪያ ይሥራ ይላል። ሁለቱም የሚያሳምን ምክንያት አላቸው።

በዚህ ያለፋችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ታማሚ ያከማችሁ፣ ውሳኔው በምን ተወሰነ? መስማቱስ ይመለሳል? ለሐኪሞቹ ምን ብዬ ልጠይቅ?