ዊንድስ ኦፍ ዊንተር ሳይወጣ ታናሽ ወንድሜን ላስጀምረው ወይስ ላስጥለው?

ጆን_በረዶው_ላይ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ አጭር ነበር ግን ስፅፈው ረዘመብኝ፣ ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት እየጠበቀ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ሲጎረጉር ነው የሚውለው። ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄዶ ስልኩም ሲዘጋበት ከመደርደሪያዬ ላይ ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስን፣ የጆርጅ አር አር ማርቲንን ተከታታይ ልብ ወለድ አንደኛ መፅሀፍ፣ አነሳና አቧራውን እፍ እፍ ብሎ «ይሄ ፊልሙ ነው እንዴ?» አለኝ። ፊልሙ ነው እንዴ! ዝም ብዬ አየሁት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ፈራ።

ምክንያቱም እኔን ያየ ነው። የመጀመሪያውን ከአሮጌ መፅሀፍ ሻጭ ላይ ተከራክሬ ነው የገዛሁት፣ ሁለተኛና ሶስተኛውን አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አመጣችልኝ (ለእማዬ የታዘዘው ጫማ ኪሎ ሞላ ተብሎ ቀርቶ እነሱ መጡ፣ እስከዛሬ ይነሳብኛል)፣ አራትና አምስትን በፒዲኤፍ በዛች ሚጢጢ ስልክ አይኔ እስኪቀላ ነው የጨረስኳቸው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ አመት ነበርኩ። ስፖይለር የማይፈልግ ይዝለል፦ አምስተኛው ሲያልቅ ጆን ስኖው በገዛ ጓዶቹ ተወግቶ ይወድቃል፣ ቁስሉ ብርዱ ላይ ይጨሳል፣ በቃ። ከዛ ወዲህ እኔ ተመረቅኩ፣ ስራ ያዝኩ፣ ስራ ለቀቅኩ፣ አገባሁ፣ ልጄ ኬጂ ገባች፣ ጆን ግን ያው እዛው እንደተጋደመ ነው። ፊልሙ ላይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን አትንገሩኝ፣ እኔ የምፈልገው የመፅሀፉን ነው።

እና ልጁን ላስጀምረው? ወይስ «ያላለቀ ነገር ነው ተወው» ብዬ ልገላግለው? ደግሞ ስለ ስድስተኛው፣ ስለ ዊንድስ ኦፍ ዊንተር፣ አዲስ ነገር የሰማ ካለ ወዲህ በሉ።

ላም_አለኝ_በሰማይ፦

ብሮ ልጁ ምን በደለህ? ውጤት መጠበቁ አንሶት ነው ሌላ የምትጨምርበት ሃሃሃ

እስቲ እኔ ልቁጠርልህ። አምስተኛው በኛ ሐምሌ 2003፣ በነሱ ጁላይ 2011 ወጣ። ስድስተኛውን በ2015 ኦክቶበር መጨረሻ ሊያስረክብ ነበር፣ የፊልሙ ስድስተኛ ሲዝን ሳይቀድመው ማለት ነው፣ አልሆነም። እሺ እስከ አመቱ መጨረሻ ተባለ፣ እሱም አልሆነም። በ2016 መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 2 ይመስለኛል እዛው አዲስ አመታቸው ማግስት፣ ብሎጉ ላይ ወጥቶ አልጨረስኩም ብሎ ቁጭ። የምሬን ነው ያን ቀን ሳነበው ንዴቱ ጠፍቶብኝ ሰውዬው ነው ያሳዘነኝ፣ አፍሮ እንደሚያወራ ሰው ነው የፃፈው። ከዛ በ2019 ደግሞ በሚቀጥለው አመት ኒውዚላንድ ለሚደረገው የአድናቂዎች ስብሰባ ስመጣ መፅሀፉን ካልያዝኩ ዋይት አይላንድ የሚሏት ደሴት ላይ፣ ያቺ አሲድ ሀይቅ ያላት እሳተ ገሞራ፣ እዛ ጎጆ ውስጥ ቆልፉብኝ ብሎ ቀለደ። በዛው አመት ዲሴምበር ላይ እሳተ ገሞራው የእውነት ፈንድቶ 22 ሰው ሞተ፣ ቀልዱም አፉ ላይ ቀረ። ስብሰባው ራሱ በኮሮና ምክንያት ኦንላይን ሆነ። መፅሀፉም የለም።

በ2022 ሶስት አራተኛው አልቋል አለ፣ ተደሰትን። በ2023 ወደ 1,100 ገፅ ገደማ ፅፌያለሁ አለ፣ ችግሩ በ2022ም የሚጠራው ቁጥር ያው እሱ ነበር። 

እኔ በኛ የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፣ ከሁለቱ የቱ ቀድሞ ይደርስሃል ብትሉኝ መመለስ አልችልም። ቢያንስ ኮንዶሚኒየሙ በታክሲ ሳልፍ ግድግዳው ይታየኛል።

አርያ_ነኝ_ስም_የለኝም፦

ኧረ ላም አለኝ ተረጋጋ፣ ወተቱ ሳይወጣ ሰው አስለቀስክ። 

ባለጥያቄው ለወንድምህ አስጀምረው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፣ ሁሉም ሰው «ፊልሙን ካየ ጨርሶታል» የሚለው ነገር ያናድደኛል፣ አልጨረሰውም። ስፖይለር ነው ግን የመፅሀፉ ላይ ኬትሊን ከሞተች በኋላ ምን ሆና እንደምትመለስ ፊልሙ ጭራሽ አልነካውም። ኤጎን ነኝ ብሎ ሰራዊት ይዞ የሚሻገረው ልጅ ፊልሙ ላይ የለም። የዶርኗ አሪያን የለችም፣ እሷ እኮ ዶርን ማለት ናት። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚሄዱበት ቦታ አላቸው፣ ስለዚህ ፊልሙ በ2019 እንዳለቀው መፅሀፉም እንደዛው ያልቃል ብሎ ነገር የለም፣ ትልልቆቹን መድረሻዎች ለፊልም ሰሪዎቹ ነግሯቸዋል እሱ እውነት ነው፣ ግን መድረሻ እና መንገድ አንድ ነው እንዴ? ከቦሌ ፒያሳ በስንት በኩል ይኬዳል።

ደግሞ ስድስተኛው ባዶ አይደለም። የቲዮን፣ የአሪያን፣ የባሪስታን፣ የአርያ ራሱ (መርሲ የሚለው)፣ የሳንሳ (አሌይን የሚለው) ቻፕተሮች ገና ድሮ ተለቀዋል ወይ መድረክ ላይ ተነበዋል። ኤሮን ላይ ያለውን «ዘ ፎርሴከን» የሚለውን ያላነበበ ሌሊት እንዳያነበው፣ እኔ ሌሊት አንብቤው መብራት አብርቼ ነው ያደርኩት። ሰውዬው አልቻለም፣ ደክሞታል ለሚሉ ሰዎች ይሄን አንብቡ ነው የምለው፣ እንደዛ የሚፅፍ ሰው አልደከመውም።

ላም_አለኝ_በሰማይ፦

እህቴ መፃፉን እኮ አልካድኩም፣ የሚፅፈው ሌላ ነው እንጂ። በ2018 ፋየር ኤንድ ብለድ ወጣ፣ የድራጎን ንጉሶቹ ታሪክ፣ ያውም እሱም ግማሹ ነው ሁለተኛው ቅፅ ገና ነው። ከዛ ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን። ከዛ የደንክና የኤግ ፊልም። እኔ ቤት ሰርተህ ጨርስ ብዬ የከፈልኩት ሰውዬ የጎረቤት አጥር ላይ ሲለስን ባገኘው ምን ልበለው?

አርያ_ነኝ_ስም_የለኝም፦

ከፈልኩት? አንተም እንደ ባለጥያቄው በፒዲኤፍ አይደል ያነበብከው ኪኪኪ

ላም_አለኝ_በሰማይ፦

እሱን ተይው 

ታክሲ_ተራ፦

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ እድሜዬ ከናንተ ገፋ ያለ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ እዚህ ብዙም አልፅፍም ግን ይሄን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሶስተኛውን፣ ኤ ስቶርም ኦፍ ሶርድስን፣ ያነበብኩት ዲሲ ታክሲ ስነዳ ነው፣ በ2001። ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ሰዓት ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ነህ፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል ይከራከራል፣ እኔ መፅሀፌን መሪው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። አንድ ቀን ያ ሰርግ ላይ ደረስኩ፣ ያነበበ የቱ ሰርግ እንደሆነ ያውቃል። ሙዚቀኞቹ ዘፈን ሲቀይሩ እኔም እንደ እናትየዋ የሆነ ነገር ገባኝና ገፁን በእጄ ሸፈንኩት፣ ከታች ያለው መስመር ቀድሞ እንዳይታየኝ። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል፣ አልሰማሁም። ለካ ተራው ሄዶ ከፊቴ አምስት ስድስት መኪና የሚያህል ቦታ ባዶ ሆኗል። ከኋላዬ የነበረው ያገራችን ልጅ ወርዶ ሊሰድበኝ መጣና መስኮቱን ሲያንኳኳ ፊቴን አየው። «ወንድሜ፣ ሰው ሞቶብህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ተራዬን አስጠብቆልኝ ሄደ፣ እውነቱን አልነገርኩትም እስካሁን።

ስለ መዘግየቱ። ሰው ሰነፈ ይላል፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው ስለተከተልኩት ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ይሄ ነገር ሲታሰብ ሶስት መፅሀፍ ነበር። ከሶስተኛው በኋላ ታሪኩን አምስት አመት አዝልሎ ልጆቹን ሊያሳድጋቸው ነበር፣ ድራጎኖቹም እንዲያድጉ፣ ፅፎ ሞከረው፣ ለአንዳንዱ ባለታሪክ ሰራ ለአንዳንዱ አልሰራም፣ ጣለው። አራተኛው በ2005 ሲወጣ ግማሾቹ ባለታሪኮች የሉም፣ መጨረሻው ላይ የቀሩት በሌላኛው ናቸው፣ በሚቀጥለው አመት ይደርሳችኋል የሚል ተስፋ ፅፎ ነበር። ስድስት አመት ፈጀ። ለምን ብትሉ ሜሪን የምትባለው ከተማ ላይ ቲሪየን፣ ቪክታሪየን፣ ያ የዶርኑ ልዑል፣ ሁሉም ወደ ዴኔሪስ እየሄዱ ነው፣ ማን ቀድሞ ይድረስ? አንዱ አንድ ቀን ቀድሞ ከደረሰ የሌላው ታሪክ ይበላሻል። ቋጠሮ ብሎ ነው ራሱ የሚጠራው። በመጨረሻ የፈታው ባሪስታንን ተራኪ አድርጎ ጨምሮ ነው። አያችሁ፣ አንድ ቋጠሮ ለመፍታት አንድ ክር ጨመረ፣ አሁን ያ ክር ራሱ መቋጠር አለበት። መጀመሪያው መፅሀፍ ላይ ከመግቢያው ሌላ 8 ተራኪ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ከ15 በላይ። ጥበብ ሸማኔ ቤት የገባ ሰው ይገባዋል፣ አንድ ማግ ስትጨምር ጊዜው በአንድ አይደለም የሚጨምረው።

እሱ ራሱ ፀሀፊ ሁለት አይነት ነው ይላል፣ ቤት ከመስራቱ በፊት ፕላን የሚያወጣ አርክቴክት አለ፣ ዘር ዘርቶ የሚያየው አትክልተኛ አለ፣ እኔ አትክልተኛ ነኝ ይላል። ታዲያ አትክልተኛን በዴድላይን ምን ታደርገዋለህ።

ለወንድምህ ምክሬ፦ ይጀምር፣ ግን ሶስተኛው ላይ ይቁም። ሶስተኛው ብዙ ነገር ይዘጋል፣ እዛ ላይ ቢያርፍ ጥሩ እረፍት ነው። አራትን ከነካ እንደኛ ሆነ ማለት ነው።

ጆን_በረዶው_ላይ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የታክሲውን ታሪክ ለሚስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ እሷም ዞራ «ያንተ ቢጤ ሌላም አለ ማለት ነው» አለች። አንድ ልጠይቅዎት፣ በእውነት ያልቃል ብለው ያስባሉ?

ታክሲ_ተራ፦

ስድስተኛው ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ሰባተኛውን አትጠይቀኝ። ሰውዬው በ1948 የተወለደ ነው ልጄ፣ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ዎርድስታር በሚባል የዶስ ዘመን ፕሮግራም ነው የሚፅፈው።

ዘንዶ_ዳግም_የተወለደው፦

ስለ እድሜ ካነሳችሁ እኔ የምለው አለኝ፣ ለልጁ ዊል ኦፍ ታይምን ስጡት በቃ! አልቋል እኮ! ሮበርት ጆርዳን በ1990 ጀመረ፣ በ2007 ሳይጨርስ አረፈ፣ ግን ታሞ ሳለ ማስታወሻውን ትቶ፣ አንዳንዱን ትዕይንት እየተናገረ አስቀድቶ ነው የሄደው። ሚስቱ ኤዲተሩም ነበረች፣ ብራንደን ሳንደርሰንን መረጠች፣ አንድ መፅሀፍ ይሆናል የተባለው ሶስት ሆኖ በ2013 አለቀ። የመጨረሻውን ሳነብ ለሰውዬው ነፍስ ይማር እያልኩ ነው ያነበብኩት ለቅሶ ቤት ይመስል። ሳንደርሰን ደግሞ የራሱንም አያቆምም፣ ድረገፁ ላይ የትኛው መፅሀፍ ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ በቁጥር ያስቀምጥልሃል፣ በኮሮና ጊዜ ለማንም ሳይናገር ትርፍ ልብ ወለዶች ፅፎ በ2022 አራቱን በኪክስታርተር ሲያወጣ ሰው ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጣለት። ስቶርምላይት የሚባለው የራሱ ተከታታይ አምስተኛው በዲሴምበር 2024 በቀኑ ወጣ። በቀኑ!

ችግሩ ማርቲን ከኔ በኋላ ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈልግም ብሏል። እዛ ላይ ነው የሚያስፈራው።

አርያ_ነኝ_ስም_የለኝም፦

ዊል ኦፍ ታይም 14 መፅሀፍ ነው እኮ፣ ያ ልጅ መብራት ስንት ጊዜ ሊሄድለት ነው? ደግሞ ከስምንት እስከ አስር ያለው ቦታ ላይ ሰው ገላውን ታጥቦ ልብሱን ለብሶ ሳይወጣ መፅሀፉ ያልቃል፣ አትዋሽ።

ዘንዶ_ዳግም_የተወለደው፦

አስረኛውን አልከራከርም

ላም_አለኝ_በሰማይ፦

ሳንደርሰንን እኔም አነባለሁ፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ይጣፍጣል፣ ግን ሰርጉን አንብቤ ያልተኛሁበትን ሌሊት አይተካልኝም። ይሄው ነው ችግሬ። ቢተካልኝ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?

እና ማንም ስለ ፓትሪክ ሮትፈስ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ እንዳያነሳብኝ፣ እሱም ሁለተኛው በ2011 ወጥቶ ሶስተኛውን እየጠበቅኩ ነው። ምን አይነት አመት ነበር 2011፣ ሁለቱም በዛው አመት ነው የያዙኝ።

ጆን_በረዶው_ላይ፦

ቤተሰብ አመሰግናለሁ፣ ግን ምክራችሁ ዘግይቷል። እኛ እዚህ ስንከራከር ልጁ አላስፈቀደኝም። ትናንት ማታ 7 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ኩሽና ውስጥ የስልኩን ባትሪ አብርቶ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ሁለተኛው ላይ ነው። አንደኛውን በአራት ቀን ጨርሶታል፣ ኔድ ላይ የሆነውን ሲያነብ ለምን አልጮኸም ብዬ ጠየቅኩት፣ «ጮኬ ነበር፣ አንተ ስራ ነበርክ፣ እማዬ ናት የደነገጠችው» አለኝ። ፊልሙን ለካ አላየውም፣ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። ማንም ምንም እንዳይነግረው ፌስቡኩን ራሱ ላጠፋበት ነው።

አሁን ያለብኝ ጣጣ ሌላ ነው። ሶስተኛው ቤት የለም። ከሶስት አመት በፊት ለአንድ የስራ ባልደረባዬ አውሼው መልሶልኝ አያውቅም፣ ጠርዙ ሰርጉ ጋ ተከፍሎ ሁለት ሊሆን የደረሰ፣ ገፁ ላይ የሻማ ጠብታ ያለበት፣ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። «እየጨረስኩት ነው፣ በዚህ ሳምንት አመጣልሃለሁ» አለኝ።