አውራ በጋችን ታሞ ከዳነ ወዲህ የሰረራቸው አልያዙም፣ "ፕሮቲኑ እየፈረሰ ነው" ተባልን፣ ምን ማለት ነው?

የመንዙ አስተማሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ መሃል ሜዳ አካባቢ በግ ያረባሉ፣ አባቴ አንድ አውራ አለው ቡናማ፣ ላቱ ሰፊ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በጎቹን እያመጣ የሚያሰርርበት። ጥር ላይ ሳንባውን ታመመና አምስት ቀን ያህል ሰውነቱ እንደ እሳት ሲያቃጥለው ሰነበተ፣ መርፌ ተወግቶ በጥምቀት ማግስት ትኩሳቱ ለቀቀው፣ መብላት ጀመረ፣ ተመስገን አልን። የካቲት መጀመሪያ ላይ አራት ሰረረ፣ ሦስቱ በ17 ቀናቸው ተመልሰው አውራ ፈለጉ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖብን አያውቅም። አንድ ሰው ለአባቴ "ዘሩ ውስጥ ፕሮቲኑ እየፈረሰ ነው" አለው፣ አባቴም ወይ ፋጉሎ በብዛት ሰጥቼ የፈረሰውን እተካለሁ፣ ወይ ቀጥቅጬ ለፋሲካ ሙክት አደርገዋለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ባገላብጥ የፕሮቲን መፍረስ ለስፐርም የግድ ነው ይላል፣ ጭራሽ ተምታታብኝ። በሽታው መፍረሱ ነው አለመፍረሱ? ቅዳሜ ቀጥቃጩ ሊመጣ ነው፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ መጀመሪያ ቅዳሜን አስቁመው፣ አባትህን በእግዜር ይዤሃለሁ በላቸው። የበግ ዘር ከመነሻ ሴሉ ተነስቶ ቆለጥ ውስጥ እስኪያልቅ ወደ 49 ቀን ይፈጅበታል፣ ከዛ ከቆለጡ ጀርባ ባለው ቱቦ ሲያልፍና ሲበስል ደግሞ ወደ ሁለት ሳምንት፣ ሲደመር ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ማለት ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ የፈሰሰው ዘር በትኩሳቱ ቀን ቆለጥ ውስጥ እየተሰራ የነበረው ነው። ቆለጥ እኮ ከሆድ ውጪ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ማለት ስላለበት ነው፣ ትኩሳት ሲመጣ ያ ሁሉ ይበላሻል። ትኩሳቱ ጥር 12 ከለቀቀው ከመጋቢት 15 በኋላ የሚወጣው ዘር ሙሉ በሙሉ ከትኩሳት በኋላ የተጀመረ ነው። እስከዛ በሌላ አውራ አሰርሩ። አንተ ደግሞ ዛሬውኑ ቆለጡን በሁለት እጅህ ዳሰው፣ ሁለቱ እኩል፣ ጠንከር ያሉና በከረጢቱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ የሚሉ ከሆነ ጥሩ ነው። አንዱ ከሟሸሸ ወይ ከታች ጫፉ ላይ ድንጋይ የመሰለ እብጠት ካለ ግን ቀን መቁጠሩን ተወውና ለሐኪም አሳየው፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

የባዮ ማስተርስ ተማሪ፦
ዶክተር የቀኑን ጉዳይ ጨርሳዋለች፣ እኔ "መፍረስ" የሚለውን ልሞክር ምክንያቱም እኔም አንደኛ ዓመት ላይ እንዳንተው ተምታቶብኝ ነበር። ስፐርም ስትሰራ ከምትጨምረው የምትጥለው ይበልጣል ማለት ይቻላል፣ ክብ የነበረች ሴል መጨረሻ ላይ ጭንቅላትና ጅራት ብቻ ሆና ነው የምትወጣው። ሴሉ ሊጥለው የፈለገው ፕሮቲን ላይ ዩቢኪዊቲን የምትባል 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፍበታል፣ ምልክት ነች፣ ያንን ያየ ፕሮቲያሶም የሚባል በርሜል መሳይ ማሽን ይውጠውና ይቆራርጠዋል። ይሄን የደረሱበት ቼካኖቨር፣ ሄርሽኮና ሮዝ በ2004 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ዋናው ቦታ ግን ዲኤንኤው ነው። ዲኤንኤ በሌላው ሴል ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ይኖራል፣ በዛች ጠባብ ጭንቅላት ግን እንደዛ ሆኖ አይገባም፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ሂስቶኖች ተነቅለው ይፈርሱና ፕሮታሚን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ገብቶ አጥብቆ ያሽገዋል። እናቴ ለባና ሱፍ ስትፈትል ክሩ እንዝርቱ ላይ ሲሞላ ታወጣውና በጥብቅ ልቃቂት ታደርገዋለች፣ እንዝርቱ መሃሉ ላይ ቢቀር ልቃቂቱ ልቃቂት አይሆንም፣ እኔ ይሄን ሳስብ ነው የገባኝ። ለዚህ ስራ ፕሮቲያሶሙ ፒኤ200 የሚባል ልዩ ክዳን አለው፣ አሴቲል የተባለ ምልክት ያለባቸውን ሂስቶኖች ለይቶ ያስገባል፣ የሚገርመው እዚህ ጋ የዩቢኪዊቲኑ ልጥፍ አያስፈልግም። በመጨረሻ የተረፈው ገላዋ ተቆርጦ ይወድቃል፣ አጠገቧ ያሉት ሰርቶሊ የሚባሉ አሳዳጊ ሴሎች ይውጡታል።

እና በ1996 እ.ኤ.አ. አይጥ ላይ ዩቢኪዊቲን ከሚለጥፉት ኢንዛይሞች አንዱን፣ ኤችአር6ቢ ይባላል፣ ጂኑን ሲያጠፉት ሴቶቹ ወለዱ ወንዶቹ ግን መካን ሆኑ። ስለዚህ ለአባትህ "ፈረሰ" ስላሉት አይደንግጥ በለው፣ መፍረሱ በወጉ ሲሄድ ነው ዘሩ ዘር የሚሆነው።

የመንዙ አስተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ብርት አለልኝ። ታዲያ ትኩሳቱ ያበላሸው የቱን ነው፣ ማፍረሱን አስቆመው?

የባዮ ማስተርስ ተማሪ፦
ሙቀት ፕሮቲኖችን ቅርፃቸውን ያስታቸዋል፣ የተበላሸው ሲበዛ ማሽኑ ይጨናነቃል፣ ብዙዎቹ ሴሎች እዛው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ የተረፉት ደግሞ ሂስቶናቸው በወጉ ሳይወጣ ወይ ትርፍ ገላቸው ጅራታቸው ላይ እንደ ጠብታ ተንጠልጥሎ ሊወጡ ይችላሉ። ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ስር አይቻታለሁ፣ አንገቷ ስር ጤፍ የምታህል ነገር የተለጠፈባት ትመስላለች። ያንተ በግ ላይ የቱ እንደሆነ ዘሩ ሳይታይ መናገር አይቻልም።

ከጣርማ በር፦
እኔ ትምህርቱን አላውቅም ግን በግ እያረባሁ ነው ያረጀሁት። ልጄ አሁን ቢቀጠቀጥ ቁስሉ እስኪድን፣ ከዛ እስኪደልብ ፋሲካ ያልፋል፣ ዋጋውም አውራውም ይቀርባችኋል። ፋጉሎውም ቢሆን ጥሩ ነው ግን ከገለባው ጋር ትንሽ ትንሽ፣ በላይ በላዩ ከሰጣችሁት ላቱ ብቻ ነው የሚያብጠው፣ የወፈረ አውራ ደግሞ መስረር ይሰለቸዋል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦
እማማ ልክ ብለዋል። ሲጨመርበት የበላው ፕሮቲን እኮ እንዳለ ቆለጥ አይደርስም፣ ሆዱ ውስጥ መጀመሪያ የጨጓራው ጀርሞች ናቸው የሚበሉት፣ ከዛ አሚኖ አሲድ ሆኖ ነው ደም የሚገባው። ስለዚህ በፋጉሎ የተበላሸውን ዘር መጠገን አይቻልም፣ አዲስ ለሚሰራው ግን አቅም ይሰጣል።

አንዲት እህት፦
ይቅርታ ከበጉ ወጣሁ፣ ባለቤቴ ወባ ታሞ በተነሳ በወሩ የዘር ምርመራ አድርጎ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው ተብለን ቤታችን ሐዘን ገብቷል። ይሄ ለሰውም ይሰራል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦
እህቴ አይዞሽ። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሰው ላይም ከፍተኛ ትኩሳት ዘሩን ለጊዜው ያወርደዋል፣ የሰው ዘር ተሰርቶ ለማለቅ ወደ 74 ቀን ስለሚፈጅ በወር ውስጥ የታየው ውጤት የበሽታውን ጊዜ ነው የሚያሳየው። ትኩሳቱ ከለቀቀው ሦስት ወር ሲሞላ ደግማችሁ አሰሩ፣ ለሐኪማችሁም ወባ ታሞ እንደነበር ንገሩት፣ ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

የመንዙ አስተማሪ፦
ቅዳሜ ቀጥቃጩ መጥቶ ጠላ ጠጥቶ ተመለሰ። ቆለጡን ዳሰስኩት፣ ሁለቱም እኩል ናቸው ግራው ግን ትንሽ ለስለስ ያለ መሰለኝ፣ ሰኞ ለሐኪም አሳየዋለሁ። አባቴ መጋቢት 15ን ካላንደሩ ላይ በእስክሪብቶ ከቦታል፣ ሦስቱን በጎች የጎረቤታችን ነጭ አውራ ጋ ወስደናቸዋል።