ክርክር፦ «ኮኺታር» ከስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ይውጣ?

መነሻ፦ ከላቲኑ «ኮጊታሬ» የመጣው «ኮኺታር» (ማሰላሰል፣ ማውጠንጠን) በዛሬ ስፓኒሽ ብዙም አይሰማም። እንዲህ ያሉ ቃላት በአጠቃላዩ መዝገበ ቃላት ይቆዩ ወይስ ወደ ታሪካዊው ይዛወሩ?

ተርጓሚ፦ ይዛወሩ ባይ ነኝ። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከፖርቱጋልኛ ሲተረጎም ነው። የብራዚል ጋዜጣ መንግሥት ግብር መጨመር «ኮዢታ» ብሎ ሲጽፍ «እያሰበበት ነው» ማለቱ ነው፤ እዚያ ተራ የዜና ቃል ነው። ጀማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ «ኮኺታር»ን ሲያገኝ እንዳለ ይገለብጠዋል። የማድሪድ አንባቢ ዜናው የጥንት ድርሳን ይመስለዋል። የሚሆነው «ኤስቱዲያ» (እያጠናው ነው) ወይም «ሴ ፕላንቴያ» (እያሰበበት ነው) ነበር። በንግግርማ ይብሳል፦ «አሰላስላለሁ» የሚለው «ኮኺቶ»፣ «ትንሹ አንካሳ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አይለይም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ ከቃሉ ጎን ያለውን የአጠቃቀም ምልክት ዘሎ የሚያነበው ሰው ነው። የስፔን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2001 የመዝገበ ቃላት እትሙ ደረጃዎቹን ለይቷል፦ ከ1500 ወዲህ ያልተገኘ ቃል ጥንታዊ፣ ከ1500 በኋላ ተገኝቶ ከ1900 ያላለፈው የተተወ፣ ከ1900 በኋላም ተገኝቶ ዛሬ የሳሳው ብርቅ ይባላል። ታሪካዊው መዝገበ ቃላት ደግሞ ገና በክፍል በክፍል እየወጣ ነው። ከዚህ አውጥተን እዚያ ባናስገባው የድሮ መጽሐፍ የያዘ አንባቢ ወዴት ይሂድ?

የስፓኒሽ መምህርት፦ እኔም ይቆይ እላለሁ፤ ምክንያቴ ግን «ኩይዳር» ነው። ከዚያው «ኮጊታሬ» የወጣ ነው፤ በሕዝብ አፍ ሲመላለስ በአናባቢዎች መካከል የነበረው «ግ» ወደቀ። በመካከለኛው ዘመን «ማሰብ» ነበር፣ ዛሬ «መንከባከብ» ነው። ተማሪ የዚያን ዘመን ግጥም ሲያነብ «አሰበ» የሚለውን «ተንከባከበ» ብሎ ይፈታና አንጓው ሁሉ ይበላሽበታል። «ኮኺታር» ኋላ ምሁራን በቀጥታ ከላቲን የወሰዱት ወንድሙ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ አይሳሳትም። ሮማንያኖች «ኩጄታ» እያሉ የጥንቱን ትርጉም እስከ ዛሬ ይዘውታል።

ተርጓሚ፦ እህቴ፣ ያ ለሥነ ልሳን ክፍል ጥሩ ነው። ለሥራ የሚበጀው ግን እስከ 1974 ያለውን ጽሑፍ የያዘውን የአካዳሚውን የታሪክ ስብስብና ከ2001 ወዲህ ያለውን አዲሱን ማነጻጸር ነው። በአዲሱ ቃሉ ከሳሳ፣ በትርጉም ውስጥ አይግባ።

አዘጋጅ፦ «አይግባ» እና «ይውጣ» ይለያያሉ። «ኮኺታቡንዶ» (በሐሳብ የተዋጠ) ዛሬም በልቦለድ ይመጣል። ግሱ ከወጣ ቅጽሉን በምን እናስረዳለን?

ተርጓሚ፦ በላቲን ሥሩ ነዋ! መዝገበ ቃላቱ ራሱ ቅጽሉን የሚያገናኘው ከላቲኑ «ኮጊታቡንዱስ» ጋር እንጂ ከስፓኒሹ ግስ ጋር አይደለም።