ለፈጠራ ቋንቋ የድምፅ ለውጥ ሕግ፦ የትኛው ይቅደም?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለልብ ወለድ የደጋ ሕዝብ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። የጥንቱ «ማቲ» ዛሬ «ማች» እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ሕጎቼ ግን «ማት» ይሰጡኛል። ሕግ 1፦ የቃል መጨረሻ «ኢ» ይወድቃል። ሕግ 2፦ «ት» ከ«ኢ» በፊት «ች» ይሆናል። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

መላሽ (አንኮበር)፦ ቅደም ተከተሉ ነው ወንድሜ። «ኢ» ቀድሞ ከወደቀ «ት»ን የሚለውጠው ነገር አይኖርም። ገልብጠው፦ ማቲ፣ ማቺ፣ ማች። አማርኛችንም በዚሁ መንገድ አልፏል፤ በግእዝ «ወላዲ» የሚባለው በአማርኛ «ወላጅ» የሆነው መጀመሪያ «ድ» በ«ኢ» ምክንያት «ጅ» ሆኖ፣ «ኢ»ው ኋላ ስለጠፋ ነው። ደግሞ «ት»ን ብቻዋን አትለውጥ። «ድ»ን ወደ «ጅ»፣ «ጥ»ን ወደ «ጭ» አብረህ ውሰድ፤ ተመሳሳይ ድምፆች አብረው ካልተጓዙ ቋንቋው ወዲያው ሰው ሠራሽነቱ ይታወቃል።

መላሽ (መሐል ሜዳ)፦ ልክ ነው። ሕጉ ካበቃ በኋላ የገቡ የውሰት ቃላትን ግን አትንካ፤ «ቲማቲም» እኮ «ቺማቺም» አልሆነም። ከእያንዳንዱ ሕግ በኋላም መዝገበ ቃላትህን በሙሉ ፈትሽ። «ማቲ» እና «ማቺ» የሚባሉ ሁለት ጥንታዊ ቃላት ካሉህ ሁለቱም «ማች» ላይ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ሕጉን አታጥፍ፤ ተናጋሪዎቹ አንዱን በቅጥያ ይለዩት ወይም በሌላ ቃል ይተኩት።