ኮሎናይዜሽን ጌም ላይ የከተማዬ ሕዝብ አላድግ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን ኮሎናይዜሽን የተባለውን አዲስ ዓለም ላይ ቅኝ ግዛት የሚመሠረትበትን የኮምፒውተር ጌም የሚጫወት ሰው ካለ እባካችሁ ድረሱልኝ። እንግሊዝን ይዤ ነው የምጫወተው፣ ጀምስታውን በምትባለው ከተማዬ ሕዝቡ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እንደገባኝ አንድ ሰፋሪ በእያንዳንዱ ተራ 2 ምግብ ይበላል፣ የተረፈው ተጠራቅሞ 200 ሲደርስ አዲስ ሰፋሪ ይመጣል። ገበሬዎች እርሻ ላይ አሉኝ፣ ወደቡንም ሠርቼ ዓሣ አጥማጅ ባሕር ላይ አሰማርቻለሁ። ትርፍ አለ! ግን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ምግብ የሚጨምረው በኤሊ ፍጥነት ነው፣ እኔ ደግሞ ትንባሆ የሚያለማልኝ ሰው በጣም ቸግሮኛል። ከተማው ውስጥ ፈረሶች አሉ፣ የሚዋለዱት ትርፉን ምግብ እየበሉ ስለሆነ እነሱ ይሆኑ እንዴ የያዙኝ? በጋሪ ጭኜ ሌላ ከተማ ልውሰዳቸው ወይስ ልሽጣቸው?

ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሠርቼ ሰባኪ ባስገባበት መስቀል የሚባለው ነጥብ ይጠራቀምና አውሮፓ ወደብ ላይ ስደተኛ ይመጣልኛል፣ ለእንግሊዝ ደግሞ ይሄ ከሌሎቹ አገሮች ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ግን ሰባኪ ያደረግኩት ሰው ከእርሻ ይጎድላል። ገና ትንሽ ለሆነ ከተማ የቱ ያዋጣል? የሞከራችሁት ካላችሁ ስንት ገበሬ፣ ስንት ሰባኪ እንደመደባችሁ በቁጥር ንገሩኝ።